በስድቧ የለካነው ሕመም

ባለቤቴ ስትሰድበኝ ነው የኖረችው። ይህን ስል ክፉ ሴት ነበረች ብላችሁ እንዳታስቡብኝ። ክፉ አልነበረችም። አዲሱ ገበያ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ስፈታ፣ ስለጥፍ፣ ንፋስ ስሞላ ስለኖርኩ፣ የእሷም ስድብ ከጎማ አይርቅም ነበር። ወጧን ካሞገስኩ "ምላስህ ጎማ ሆኖ ምኑን ቀመስከው?" ትላለች። ዳገት ላይ ቆም ብዬ ከተነፈስኩ "ጀመረህ ደግሞ፣ ተነፈሰ ይኸው" ትላለች። እኔ መልስ አልሰጥም፤ ዝም ብዬ እስቃለሁ። ልጅ አልወለድንም። ቤታችን ከቁስቋም ማርያም በታች፣ ዳገቱ ሳይጠና ነው። የሚያልፍ ጎረቤት ድምጿን ከአጥሩ ውጭ ይሰማና "ደህና ናቸው" ብሎ ያልፋል።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ ሳልጨርስ ወጣሁ። እዚህ ላይ ስለ መድኃኒቱ የምጽፈውን ያወቅሁት ቤታችን ትመላለስ ከነበረችው ነርስ ነው። የተሳሳትኩት ቢኖር የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ሕመሙ ከጡቷ ጀመረ። ተቆርጦም፣ መርፌም ተሰጥቶት አልተመለሰም፤ በስተኋላ አጥንቷ ውስጥ ገባ። ሆስፒታል በሄድንበት የመጨረሻው ቀን ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ አላስጠራኝም፤ እሷው ፊት ተቀምጦ ተናገረ። ይህን ወደድኩለት። "ከዚህ በኋላ በሽታውን ማዳን አንችልም፤ ሕመሙን ግን እናስታግሳለን፣ ቤትዎ ሆነው ነርስ ትከታተልዎታለች" አላት። እሷ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ክንዴን ያዘችና "ስማ፣ ከእንግዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው" አለችኝ። የቁስቋም ዕለት ቆርባ መመለስ ነው የፈለገችው። ዓይኗ ተከፍቶ፣ ሥጋ ወደሙን እያወቀች ተቀብላ።

ሁለታችንም ቆራቢ ከሆንን ቆይተናል። በየዓመቱ ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም በዓል ዕለት፣ ዳገቱን አብረን ወጥተን አብረን እንቀበል ነበር። በዓሉ እንዲደርስ ክረምቱ መውጣት፣ መስቀል ማለፍ፣ ጽጌ ገብቶ ማለቅ ነበረበት። እኔ በልቤ ሩቅ ነው አልኩ። አልነገርኳትም።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ልጅ ብንወልድ ኖሮ ከመጨረሻዋ ልጃችን ታንስ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስትገባ ባለቤቴ የልጅቷን አንገትና እጅ አየችና "ማተብ የለሽም" አለቻት።

"የለኝም እማማ።"

"ጴንጤ ነሽ?"

"ነኝ።"

"በይ ግቢ፤ ምን ይደረጋል፣ በሽታውም ሳይጠይቀኝ ነው የገባው።"

ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዋደዱ።

መድኃኒቱ ሞርፊን ነው። ፈሳሽ ነው፣ መራራ። የባለቤቴ ታናሽ እህት ስሙን ስትሰማ ደነገጠች፤ "እሱ እኮ ለሚሞት ሰው የሚሰጥ ነው፣ ደግሞም ሱስ ያስይዛል ይላሉ" አለች። ነርሷ አልተቆጣቻትም። "ሕመም ላለበት ሰው በልኩ ሲሰጥ ሱስ ብለን አንፈራውም፤ የምንፈራው ልኩ ሲሳት ነው" አለቻት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየቀዳን አፏ ውስጥ እንድናደርግላት አሳየችን። ቁጥሩ ደቃቅ ስለሆነ ዓይኔ አልይዘው አለ። ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና የሲሪንጁ ሆድ ላይ መስመር አሰመረችልኝ፤ "ከዚህ ቀይ አያሳልፉ" አለችኝ። ጠርሙሱን ከሱቄ ባመጣሁት የመፍቻ ሣጥን ውስጥ አድርጌ እንድቆልፍበትም ነገረችኝ። ሌላም ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ነበረው፤ ይህኛው ሆድ ስለሚያደርቅ ያንን መተው የለም አለች። ባለቤቴ "እንግዲህ አንዱ ይዘጋል፣ አንዱ ይከፍታል፤ ዘበኛ ቀጠርሽልኝ በይኛ" አለቻት።

ነርሷ አንድ ልማድ ነበራት። ስትመጣ ቦርሳዋን ሳትከፍት መጀመሪያ ትቀመጣለች። ታያታለች። ትንፋሿን ደረቷ ላይ እያየች ትቆጥራለች፤ እኔ መጀመሪያ የምታስብ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ነው የምትጠይቃት።

"እንዴት ነዎት እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሕመሙስ?"

"ተመስገን ነው።"

እንግዲህ እኛ ሌላ መልስ አናውቅም። ቤት ተቃጥሎበት የቆመ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲባል እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ነርሷ ይህን ስታውቅ ፊቶች የተሳሉበት ወረቀት አመጣች። ከዳር ያለው ይስቃል፣ እየቆየ ይኮሳተራል፣ መጨረሻው ያለቅሳል። "ከእነዚህ የትኛው ነዎት?" አለቻት። ባለቤቴ ጥርሷን ነክሳ ተንጠራራችና በጣቷ የሚስቀውን ነካች።

"ይሄ የሚያለቅሰው ምን ሆኖ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ሕመሙ የበረታበት ነው።"

"ፈጣሪውን ያማረረ ነው በይኝ እንጂ።"

ነርሷ ወረቀቱን አጥፋ ከተተችው። ስትወጣ እስከ በሩ ሸኘኋት። በረንዳው ላይ ቆም አለችና "አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እውነት ደህና ናቸው?" አለችኝ። ሚስትን አሳልፎ እንደ መስጠት ሆነብኝ። ከዚያ እንዲሁ ከአፌ ወጣ፦

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልሰደበችኝም።"

ሳቀች። ወዲያው ሳቋን አቋረጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ሁልጊዜ ይሰድቡዎታል?" አለችኝ። "ሁልጊዜ" አልኳት። ወደ ቤት ተመልሳ ገባች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ባለቤቴን ቀስ ብላ ወደ ጎን እንድትዞር ለመነቻት። መዞር አቃታት። ግንባሯ ላይ ላብ መጣ እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ነርሷ ለሐኪሙ ደወለች፣ ብዙ ተነጋገሩ፣ ሲሪንጁ ላይ የነበረውን ቀይ ፍቃ ትንሽ ከፍ አድርጋ አሰመረች።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ ባለቤቴ ከራስጌዋ ቀና ብላ አየችኝ። "ምን ተገትረህ ታየኛለህ፣ ንፋሱ እንዳለቀበት ጎማ" አለችኝ። ሻዩን ልደፋው ምንም አልቀረኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ነርሷ ስትመጣ መጀመሪያ እኔን ትጠይቃለች። "አባባ፣ ዛሬ ስንቴ ተሰደቡ?" ብዙ ከሆነ ትስቃለች። ከቀነሰ ወደ አልጋው ጠጋ ብላ ታጠናታለች። ባለቤቴ የምንለውን አላወቀችም፤ ወይም አውቃ ዝም ብላናለች። አንድ ቀን ግን ነርሷ እኔን ውጭ አስቀምጣ አንድ ነገር አስጠናችኝ።

"ዝምታቸው ሁለት ዓይነት ነው" አለችኝ። "የሕመም ዝምታ ግንባር ያኮማትራል፣ ጣት ያስጨብጣል፤ ያን ሲያዩ ይደውሉልኝ። የመድኃኒት መብዛት ዝምታ ግን ግንባሩ ይለሰልሳል፣ ሰውየው የተኛ ይመስላል፣ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል። በደቂቃ ከአሥር ካነሰ ምንም አይስጡ። ይጥሯቸው፣ ያናግሯቸው፣ ይደውሉልኝ። ጠርተዋቸው ካልነቁ እኔን አይጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።"

"ሁለተኛው ከመጀመሪያው ደስ ይላል ለዓይን" አልኳት።

"እሱ ነው ክፋቱ" አለችኝ።

ጽጌ ገባ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል፣ ማንም አይጠይቅም። ባለቤቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ትታው አታውቅም። እኔም ነርሷም ለመንናት። "እሺ" አለችን። እህሉንስ አስቀድማም እምብዛም አትበላም ነበር፤ መድኃኒቱን ግን እኔ ስሰጣት አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ ትቀበለኝ ስለነበር አምኛት ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን የዕድራችን ሰው ሞተ። ቀብር መቅረት አይሆንም፤ ድንኳን ተካዮቹ እኛው ነን። ጠዋት ስወጣ የሣጥኑን ቁልፍ ለእህቷ ሰጥቼ፣ ቀዩን መስመር አሳይቼ፣ ሰዓቱን ነግሬ ሄድኩ። እህቷ ጠንቃቃ ሴት ናት። ግን እሷም ጿሚ ናት። እኔ ከበሩ እንደራቅሁ ባለቤቴ "ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ምንም አላስገባም፤ እሱ ሲመጣ ወስጃለሁ በይው" አለቻት። እህቷ እሺ አለች። ታላቅ እህት ናት፣ ያውም የታመመች፣ ያውም ለእመቤታችን ብላ የጾመች። እንዴት እምቢ ትበላት?

ባለቤቴ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያንን ሕመም ያለ መድኃኒት ቻለችው። ዘጠኝ ሲሆን እህቷ የጾመ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ የቀረውን አሟላች። የጠዋቱን ቀዳች፣ የረፋዱን ቀዳች፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ቀዳች፣ አንድ በአንድ አጠጣቻት። ከቀዩ መስመር አንዱንም አላሳለፈችም።

ከቀብር ስመለስ እህቷ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። "ጋሼ፣ ቀስ ብለህ ግባ፤ ተመስገን ነው፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም" አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እውነትም ፊቷ ለስልሷል። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት የነበራት ፊት ነው። ቆሜ ሳያት ደስ አለኝ፤ ጥቂት እንደዚያ ቆየሁ። ከዚያ ደረቷን አየሁ። ወጣ፣ ወረደ፤ ከዚያ ጠበቅሁት፣ አልወጣም። ጠበቅሁት። ወጣ።

እኔ የጎማ ቀዳዳ ቦታው ሲጠፋብኝ የውስጡን ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋ የሚወጣበትን ስፍራ ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር። እንደዚያ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቆጠርኩ። ስምንት ሆነብኝ። ድጋሚ ቆጠርኩ፤ ስምንት።

"ምን ሰጠሻት?" አልኳት እህቷን። ነገረችኝ። ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረም፤ የእኔን ፊት ስታይ ነው ቢላዋው ከእጇ የወደቀው። ለነርሷ ደወልኩ። "ይጥሯቸው" አለችኝ። ጠራኋት፣ ትከሻዋን ነቀነቅሁ፤ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነች። "ከነቁ ጥሩ ነው፤ አያስተኟቸው፣ ጀርባቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ያናግሯቸው፣ እኔ አዲሱ ገበያ ነኝ፣ መጣሁ" አለችኝ።

ያናግሯቸው አለች፤ ግን ምን ልበላት? እህቷ ታለቅሳለች። እኔ ስሟን ጠራሁ፤ ዝም። ውዴ አልኳት፤ እኔ እንዲህ ብዬ ስለማላውቅ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ፤ ዝም። ከዚያ ሌላ መላ ሳጣ እሰድባት ጀመር።

"ወጥሽ ጨው ይበዛበት ነበር" አልኳት። "ዕድሜ ልኬን ጨው ስበላ ኖርኩ።"

ዝም።

"ሰርጋችን ዕለት እናትሽ ጠላውን ውሃ አድርገውት ነበር። ሰው ሁሉ ሲያማ ነው የዋለው።"

ቅንድቧ ንቅንቅ አለ። እህቷ ልቅሶዋን ገታ አድርጋ "እንዴ ጋሼ" አለች።

"አንቺም ብትሆኚ መልክ አልነበረሽም። እኔ ነኝ ዝም ብዬ ያገባሁሽ።"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። "ውሸታም" አለችኝ። እንደ ትንፋሽ ነው የወጣው፤ ግን ሰማሁት። ነርሷ ስትገባ እኔን ሚስቴን አቅፌ ስለ ዘመዶቿ ክፉ ክፉውን ስናገር ነው ያገኘችኝ።

የስልኳን መብራት አብርታ የባለቤቴን ዓይን አየች። ብሌኗ እንደ ጤፍ ፍሬ ጠቦ ነበር። ትንፋሿን፣ ልቧን፣ የጣቷን ኦክስጅን ለካች፣ ለሐኪሙ ደወለች፣ መኪና በር ላይ እንዲቆም አስደረገች። "ጠርቻቸው የሚመልሱ ስለሆነ እዚሁ እናያለን፤ ከከበዳቸው ግን እንሄዳለን" አለችን። እኔ ስድቤን ቀጠልኩ። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ነርሷ ከወንበሯ አልተነሳችም። መኪናው ሳያስፈልገን ተመለሰ።

እህቷ የነርሷ እግር ላይ ልትወድቅ ነበር። ነርሷ ያዘቻትና አስቀመጠቻት። "እርስዎ ያደረጉት የጾም ሕግ ነው" አለቻት። "ቀን የቀረን ማዕድ ማታ እናሟላዋለን። መድኃኒት ግን አይካስም። ያለፈ አለፈ፤ በሰዓቱ ያለው ብቻ ይሰጣል። ይህን አስቀድሜ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።" ከዚያ ወደ አልጋው ዞረች። "እማማ፣ ለምንድን ነው እንዲህ ያደረጉት? ለጾሙ ነው?"

ባለቤቴ ዓይኗን ጣራው ላይ ተከለች። "ልሞክረው ብዬ ነው" አለች። "የቁስቋም ዕለት በአፌ ምንም ሳይገባ መቅረብ አለብኝ። እችለዋለሁ ወይ ብዬ ነው የሞከርኩት።"

"ቻሉት?"

"አልቻልኩትም።" ሕመሙን በአፏ ስታምን የሰማናት ያን ጊዜ ነው።

የንስሐ አባታችንን ጠራናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ከእኔም ያረጁ። ነገሩን ሰሙና "ልጄ፣ በሽተኛ መድኃኒት ቢወስድ ማን ይከለክለዋል? በአፍሽ ውሰጂ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ" አሏት።

"አይሆንም አባቴ። ከሥጋ ወደሙ በፊት በአፌ ምንም አይገባም።"

"እኔ ፈቀድኩ አልኩሽ እኮ።"

"እርስዎ ፈቀዱ፣ እኔ አልፈቀድኩም።"

እሳቸውም ሳቁ። ወደ ነርሷ ዞረው "ልጄ፣ እናንተስ ከአፍ ሌላ መንገድ የላችሁም?" አሏት። ነርሷ ጥቂት አሰበች። "በቆዳ ስር በመርፌ መስጠት ይቻላል፤ ሐኪሙን ማስፈቀድ አለብኝ" አለች። ባለቤቴ ደግሞ "ደም ቢወጣስ?" አለች። ደም የሚወጣው ሰው እንደማይቆርብ ታውቃለች። "መርፌዋ በጣም ቀጭን ናት፤ ማታውኑ አስቀድሜ አስገባታለሁ፣ ጠዋት አልነካዎትም፣ በተቀመጠችው በኩል ብቻ ነው የምሰጥዎ" አለቻት። የንስሐ አባታችንና ባለቤቴ ተያዩ፤ ተስማሙ።

በዋዜማው ነርሷ አንድ ባልደረባዋን ይዛ መጣች፤ ወንድ ነርስ ነው፣ ዝምተኛ። መርፌው ሲሰጥ ሁለት ሰው ማየት አለበት አለችን። ከአፍ የሚወሰደው ልክና በመርፌ የሚሰጠው ልክ አንድ አይደለም፣ የመርፌው በጣም ያንሳል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው አለችኝ። ሁለቱም ለየብቻ አሰቡ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተነጋገሩ፣ አንድ ሆነ። ከብልቃጡ የተረፈውን እሱ እያየ እሷ ደፋችው፣ ሁለቱም ፈረሙ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከአልጋዋ ታያለች።

"አንድ ጠብታ ውሃ ሁለት ዘበኛ አላት" አለች። "እኔን ግን አንድ ጎሚስታ ነው የሚጠብቀኝ።"

ነርሷ ስድቧን ሰምታ አየችኝና "ጥሩ ነን" አለች።

ያን ዕለት እኛ ዘንድ አደረች። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት የመጨረሻውን ሰጥታ፣ ሠርቶ እስኪይዛት አስቀምጣን፣ ከዚያ "አሁን አንሷቸው" አለችን። የድሮ ደንበኛዬ ሚኒባሱን አምጥቶ ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጠን ከነወንበሯ አነሳናት። ያለወትሮዋ ግንባሯ አልተኮማተረም። መኪናው ዳገቱን ቀስ እያለ ወጣ፤ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሹፌሩ ሳይሆን እኔ ነኝ የማቃስተው።

ነርሷ ከቤተ ክርስቲያኑ በር የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ጫማዋን አወለቀች። የባለቤቴን ትርፍ ነጠላ ተከናነበች። "ትንፋሻቸውን ማየት አለብኝ፣ አልለይም" አለች። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ሆና "ሕመሜ ይህን ጠቀመኝ፤ ጴንጤዋን ቁስቋም አስገባኋት" አለች። ከቅዳሴው በፊት የተናገረችው የመጨረሻ ቀልዷ ነው።

እነሱ በሴቶች በር ሄዱ፣ እኔ በወንዶች። እንግዲህ ያኔ ነው የጨነቀኝ። በመካከላችን ግድግዳ አለ፤ ነቅታ ይሁን ተኝታ ማየት አልችልም። ያንቀላፋ ሰው አይቆርብም። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ያ መድኃኒት ደግሞ ያስተኛል፤ አንሶባት እንደሆነም ጥርሷን ነክሳ ትቀመጣለች እንጂ አትናገርም። በጸሎት መካከል ትንፋሿን የምቆጥር ይመስለኝ ነበር፤ የማልሰማውን። እኔ ተቀብዬ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ በዙሪያው ወደ ሴቶቹ በር ሄድኩ።

ወንበሯ ላይ ናት። አፏ በነጠላ ተሸፍኗል። ነርሷ ከጎኗ ተንበርክካ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ እኔን ስታይ ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገችልኝ። ተቀብላለች።

ወደ መኪናው ስንመለስ ነርሷ ጠጋ ብላ "ሰደቡዎት?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"ዛሬ አትሰድበኝም" አልኳት። "ቆርባለች።" የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ክፉ ቃል ከአፉ አያወጣም፤ ብዙም አይናገርም። ነርሷ ግራ ገባት። መለኪያችን በዚያ ቀን አልሠራም።

ባለቤቴ ግን ከወንበሯ ላይ ሆና ቁልቁል ከጫማዬ ጀምራ ሽቅብ አየችኝ። ነጠላዬ ላይ ስትደርስ ቆመች። በጭንቀቴ ጥለቱን አዙሬ ለብሼው ኖሯል። ራሷን ነቀነቀች፣ ያንን የማውቀውን መነቅነቅ። ከዚያ ቀጭን እጇን ከነጠላዋ ስር አውጥታ፣ ቀስ ብላ፣ ጥለቱን ጎትታ አስተካከለችልኝ። ነርሷ አይታ "ገባኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ትነቃለች፣ ትተኛለች፤ መንቃቷ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ትንፋሿ ሲርቅ አይቼ ደነገጥኩ፣ መድኃኒቱን ልከልክል አልኩ። ነርሷ መጥታ ዓይኗን አየች። ብሌኗ እንደዚያን ቀን አልጠበበም። "ይህ መድኃኒቱ አይደለም አባባ" አለችኝ። "ይህ መንገዱ ነው። ብንከለክላቸው ከሕመም ጋር ነው የሚሄዱት።" እህቷም ይህንኑ ሰማች፤ መስማት የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሲሪንጆች የሰጠቻት እሷ ናት። በሰዓቱ፣ አንድ አንድ ብቻ።

በመጨረሻዋ ቀን ግንባሯ ለስላሳ ነበር። እኔ አጠገቧ ሆኜ ስለ ጨው፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ሰርጉ አወራኋት። ውሸታም እንድትለኝ ጠበቅሁ። ነጠላዬንም ሆን ብዬ አጣምሜ ለበስኩ። ረፋዱ ላይ አረፈች።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ ነርሷ የተረፈውን መድኃኒት ልትወስድ መጣች። እንዲህ ያለ መድኃኒት ባለቤቱ ከሌለ ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ላዘነም ላላዘነም አደጋ ነው። ሣጥኑን ከፈትኩላት። እህቷን ምስክር አድርጋ የቀረውን ለካች፣ ፈረመች፣ ጠርሙሱን አሽጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቀይ መስመር ያለባትን ሲሪንጅም ወሰደቻት። ሣጥኑ ባዶ ሆነ፤ ከልማድ ግን ቆለፍኩት።

ልትወጣ ተነሳችና በሩ ላይ ዞረች።

"እርስዎስ እንዴት ነዎት አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።

አልወጣችም። ተመልሳ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ከአልጋው አጠገብ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ሳትከፍት አየችኝ።

"እሱንማ እማማም ይሉኝ ነበር" አለችኝ።

ነጠላዬን ላስተካክል ሞከርኩ፤ ጥለቱ በየት በኩል እንደሚዞር ጠፋብኝ።

"ከሄደች ጀምሮ አልተሰደብኩም" አልኳት።